በሽተኛን ስናበላ ልቡን እናስብ
ስለ ካንሰር፣ ስለ ምግብ ቅባትና ስለ ልብ ማዕድናት ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት



ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱም የእኔና አብረውኝ የታመሙትን የሚጠይቁ ወንድሞችና እኅቶች ነው።

በጉባኤያችን ያሉ አንዲት እናት በጉሮሮ ካንሰር ተይዘው ከሁለት ሳምንት በላይ ከውኃና ከሻይ በቀር ምንም መዋጥ አልቻሉም ነበር። በሆስፒታል ምግብ የሚያሳልፍ ቱቦ በጉሮሮአቸው ውስጥ ከተደረገላቸው በኋላ መዋጥ ቻሉ፤ ወደ ቤታቸውም ተመለሱ። እኛም ደስ ብሎን ልንጠይቃቸው ሄድን። ባዶ እጃችንን አልሄድንም። አንዷ በቅቤ የራሰ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ ሌላዋ ማር የገባበት ወተት፣ ሌላው አጥሚት ይዞ መጣ። «እማማ፣ ይብሉ እንጂ፤ ካልበሉ እንዴት ይበረታሉ?» እያልን አጎረስናቸው። እርሳቸውም እኛን ላለማሳዘን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ» እያሉ በሉ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግን።

በሦስተኛው ቀን እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ልባቸውም አንድ ጊዜ እየፈጠነ አንድ ጊዜ እየዘለለ ይመታ ጀመር። በመኪና ተሸክመን ወደ ሐኪም አደረስናቸው። ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቀን ስለ ካንሰሩ አልነበረም። «ከመጡ ጀምሮ ምን ምን አበላችኋቸው?» አለን። ደማቸው ሲመረመር የፎስፌት፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠን እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የጎደለው ተተክቶላቸው፣ ምግቡም በልክ ሆኖላቸው ከዚያ አደጋ ተረፉ፤ ከልጆቻቸውም ጋር ጥቂት ወራት ለመኖር በቁ።

በፍቅር ያቀረብነው ማዕድ ሊገድላቸው ጥቂት ነበር የቀረው። ስለዚህ ሌሎች ጉባኤዎች የእኛን ስሕተት እንዳይደግሙ፣ በምግብ ዕደላና በሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ የሚሠሩ ባልደረቦቻችንም የሚያደርጉትን ነገር ምክንያቱን እንዲረዱ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

1. ልብ ያለ ማዕድን አይመታም

የሰው ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን ሥራ የሚሠራው በጡንቻ ኃይል ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ምት ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የተባሉ ማዕድናት በልብ ሕዋሳት ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ምቱን የሚያስነሣው ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው በዚህ መግባትና መውጣት ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደታወቀ ማስታወስ ይጠቅማል። ሲድኒ ሪንገር የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 እና በ1883 የእንቁራሪት ልብ ከሰውነቷ ወጥቶ በምን ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ እንደሚመታ ይመረምር ነበር። ልቡ በጨው ውኃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት መምታቱን ሲያይ ጨው ብቻውን በቂ ነው ብሎ አሰበ። በኋላ ግን ረዳቱ የተጣራ ውኃ መጠቀም ሲገባው የቧንቧ ውኃ መጠቀሙ ታወቀ። በተጣራ ውኃ ሲሞክረው ልቡ ቶሎ ደከመና ቆመ። በቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ጥቂት ካልሲየም ነበር ልቡን ሲያስመታው የቆየው። ሪንገር ፖታሲየምም በልክ እንደሚያስፈልግ ተረዳ። ዛሬ በየሆስፒታሉ በደም ሥር ከሚሰጡት ፈሳሾች አንዱ ከዚህ ምርመራ የተገኘ ሲሆን ስሙም እስከ ዛሬ ከሪንገር ጋር ይጠራል።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት ማዕድናትን እንጨምር። ማግኒዚየም የበሮቹ ጠባቂ ነው። እርሱ ሲጎድል ኩላሊት ፖታሲየምን ከሽንት ጋር ያፈስሰዋል፤ ስለዚህ ማግኒዚየም ሳይተካ ፖታሲየምን ለመተካት መድከም ቀዳዳ እንስራ እንደ መሙላት ነው። ፎስፌት ደግሞ ሕዋሳት ኃይል የሚያከማቹበት ነገር ዋና ክፍል ነው። ያለ እርሱ የልብ ጡንቻ መጨማደድ፣ የደረት ጡንቻም መተንፈስ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በሰውነት ውስጥ ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው። በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ማግኒዚየምም ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የደም ምርመራ የሚያሳየን የጎተራውን ደጃፍ እንጂ ጎተራውን አይደለም። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰው ደሙ ሲመረመር ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ጎተራው ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። የእማማም ነገር እንዲሁ ነበር።

2. ካንሰር የልብን ማዕድን እንዴት ያዛባል?

ካንሰር በጡት ወይም በማኅፀን በር ወይም በጉሮሮ ላይ ቢነሣም ልብን በሩቅ ሆኖ ሊነካው ይችላል። መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን እንይ።

ሀ) በረኀብ። በአገራችን በአርሲና በባሌ በኩል በብዛት የሚታየው የጉሮሮ ካንሰር ምግብ ያግዳል። ሌሎች ካንሰሮችም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ሰውነትም የራሱን ሥጋ እንዲበላ ያደርጋሉ። ጡንቻ ሲመነምን በውስጡ የነበረው ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ፎስፌት አብሮ ይሄዳል። ልብም ጡንቻ ነውና ከክንድና ከጭን ጋር ይመነምናል።

ለ) በማስመለስና በተቅማጥ። ካንሰሩም ሆነ ሕክምናው ይህን ሊያመጣ ይችላል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከውኃው ጋር ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይወጣሉ።

ሐ) ከአጥንት በሚወጣ ካልሲየም። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው በአጥንት ውስጥ ነው። የጡት ካንሰር፣ የሳንባ ካንሰርና የአጥንት መቅኒ ካንሰር ሲገፉ አጥንትን እየሸረሸሩ ካልሲየሙን ወደ ደም ሊያወጡት ይችላሉ። አንዳንድ ዕጢዎች ወደ አጥንት ሳይደርሱ እንኳ አጥንትን የሚያዝዝ ፕሮቲን በደም ይልካሉ፤ ይህ ፕሮቲን ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በሽተኛው ውኃ አልጠግብ ይላል፤ ሽንቱ ይበዛል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ሐሳቡ ይደናገራል፤ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ዘመዶቹ «ወተት አብዝቶ ይሆናል» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ካልሲየም ግን ከራሱ ከበሽተኛው አጥንት ተሸርሽሮ የወጣ ነው። ሕክምናም አለውና ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

መ) ኩላሊትን በመዝጋት። በአገራችን ሴቶችን አብዝተው ከሚያጠቁት አንዱ የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ሲሰፋ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱትን ሁለት ቧንቧዎች ጨምቆ ይዘጋቸዋል። ያን ጊዜ ኩላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት ስለማይችል በደም ውስጥ ይከማቻል። ፖታሲየም ሲያንስ ልብን እንደሚያውከው ሁሉ ሲበዛም ልብን ያቆማል። ለአንዷ በሽተኛ መድኃኒት የሚሆናት ሙዝና ድንች ለሌላዋ አደጋ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሠ) በመድኃኒት። ለማኅፀን በር ካንሰር ከጨረር ሕክምና ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ኩላሊት ማግኒዚየምን እንዲያፈስስ ያደርጋል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ይህ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች ከመድኃኒቱ ጋር ብዙ ፈሳሽና ማግኒዚየም የሚሰጡት ለዚህ ነው። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን ደግሞ መጠኑ ሲበዛ የልብን ጡንቻ ያደክማል፤ በዚህ ጉዳት ውስጥ በልብ ሕዋሳት ያለው ብረት ድርሻ አለው። ዴኒስ በርኪት የተባለው ሐኪም በዩጋንዳ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈለት የሕፃናት የመንጋጋ ዕጢ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ዕጢው ለመድኃኒት ቶሎ ስለሚሸነፍ፣ ሕዋሳቱ በአንድ ጊዜ ሲፈነዱ የያዙት ፖታሲየምና ፎስፌት በደም ውስጥ ይፈስሳል፤ ልብም ይታወካል። ስለዚህ ሕክምናው ሲጀመር ሕፃኑ በሆስፒታል ሆኖ መጠበቅ አለበት። እነዚህን መድኃኒቶች የምንጠቅሰው ሰው እንዲፈራቸው አይደለም። ብዙዎችን ያድናሉና፤ ነገር ግን የቀጠሮ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ እንድናውቅ ነው።

3. የምግብ ቅባትስ?

በአገራችን ለታመመ፣ ለአራስና ለደከመ ሰው ቅቤ ማብዛት የፍቅር ምልክት ነው። ቅባት በእርግጥ ትልቅ ኃይል ሰጪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በልብ ማዕድናት በኩል ግን ስለ ቅባት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባናል።

አንደኛ፣ ዘይትና የተነጠረ ቅቤ ኃይል ይሰጣሉ እንጂ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የላቸውም ማለት ይቻላል። ሰሐኑን በቅባት ብንሞላው ሰውዬው ጠገበ እንላለን፤ የልቡ ጎተራ ግን እንደ ጎደለ ይቀራል። ማዕድኑ ያለው በጤፍ፣ በባቄላ፣ በምስር፣ በሽንብራ፣ በጎመን፣ በድንች፣ በሙዝ፣ በዱባ ፍሬና በወተት ነው።

ሁለተኛ፣ ያልተፈጨ ቅባት ማዕድን ይዞ ይወጣል። እናቶች ይህን ነገር በልብስ ማጠቢያ ያውቁታል። አንዳንድ የጉድጓድ ውኃ ሳሙና አያረፋም፤ ነጭ ዝቃጭ ብቻ ይሆናል። ይህም የሆነው በውኃው ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሳሙናው ቅባት ጋር ስለሚጣበቁ ነው። በአንጀትም ውስጥ እንዲሁ ይሆናል። የቆሽት ካንሰር ወይም የሐሞት መውረጃን የዘጋ ዕጢ ያለበት ሰው ቅባትን መፍጨት አይችልም። ያልተፈጨው ቅባት ካልሲየምንና ማግኒዚየምን እንደ ሳሙና አጣብቆ ከሰገራ ጋር ያወጣቸዋል። እንደ ቅቤና እንደ ፓልም ዘይት ያሉ የሚረጉ ቅባቶች ይህን ያበዙታል። ምልክቱም ሰገራው የገረጣ፣ ብዙ፣ ቅባት ያለበትና የሚሸት መሆኑ ነው። ለእንደዚህ ያለ በሽተኛ ቅቤ በጨመርን ቁጥር ያለውን ማዕድን እናስወጣበታለን። ሐኪም የቆሽትን ሥራ የሚተካ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የምንበላው ቅባት የልብ ሕዋስ ግድግዳ ይሆናል። ማዕድናቱ የሚያልፉባቸው በሮች የተተከሉት በዚህ ግድግዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአውስትራሊያ በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች፣ የምግቡ ቅባት ዓይነት ሲለወጥ የልብ ምት የመዛባቱ ነገርም እንደሚለወጥ አሳዩ፤ የዓሣ ዘይት የበሉት ልባቸው ቶሎ አይታወክም ነበር። በኢጣሊያ ከ11,000 በላይ የልብ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የወጣው ጥናትም የዓሣ ዘይት ድንገተኛ ሞትን እንደሚቀንስ አመለከተ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ግን ያን ያህል ጥቅም አላገኙም፤ እንዲያውም ብዙ መጠን መውሰድ አንድ ዓይነት የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ የዓሣ ዘይት ክኒን ለመግዛት በሬ መሸጥ አያስፈልግም። የኑግ ዘይት ከቅቤና ከፓልም ዘይት ይልቅ የማይረጋ ቅባት ይበዛዋል፤ ተልባም በዓሣ ውስጥ ካለው ጋር የሚዛመድ ቅባት ይዟል። እነዚህ በልክ ሲሆኑ ለጤነኛ ቤተሰብም መልካም ናቸው።

4. ከረኀብ በኋላ ያለው ማዕድ

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። ሰው ሲራብ ሰውነቱ በራሱ ስብ ይኖራል፤ ኢንሱሊን የተባለው ቅመምም ዝቅ ይላል። ገንፎና ማር በድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ከፍ ይልና ስኳሩን ወደ ሕዋሳት ያስገባል። ከስኳሩም ጋር ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሕዋሳት ይጎርፋሉ። በደም ውስጥ የነበረው ጥቂት ማዕድን በአንድ ጊዜ ይሟጠጣል። የመነመነው ልብ በዚያው ሰዓት የበዛ ፈሳሽ እንዲገፋ ይገደዳል። ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከጎደለ ነገሩ ይብሳል። አደጋው የሚመጣው በረኀቡ ቀን ሳይሆን በጥጋቡ ቀን መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ዓለም የተማረው በብዙ ሰው ሞት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1945 ከእስር ካምፖች ነፃ የወጡ ብዙ ሰዎች ምግብ ካገኙ በኋላ ሞቱ። በዚያው ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ አንሴል ኪስ የተባለ ሊቅ 36 ወጣቶችን ይዞ የረኀብን ነገር አጠና። ወጣቶቹ ጦር መሣሪያ ለመያዝ ሕሊናቸው ያልፈቀደላቸውና የተራቡትን ለመርዳት በፈቃዳቸው የተራቡ ነበሩ። በ24 ሳምንት ውስጥ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ የልባቸው ምት ዘገየ፤ ልባቸውም አነሰ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች የምግብ ቅባትና የልብ ሕመም ያላቸውን ግንኙነት መርምሯል።

በመመገቢያ ጣቢያ የምትሠሩ ባልደረቦች ይህን በእጃችሁ ታደርጉታላችሁ። ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው ነው። ቅባቱ አነስተኛ ነው፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ተጨምሮበታል፤ ብረት ግን አልተጨመረበትም። ሕፃኑ ሲረጋጋ ነው ቅባቱና ኃይሉ ከፍ ወዳለው ኤፍ-100 የሚሻገረው። ወላጆች «ልጄ እየራበው ለምን ትቆጥቡበታላችሁ?» ሲሉአችሁ ልቡን እየጠበቃችሁ መሆኑን በትዕግሥት አስረዷቸው።

ለአዋቂም ሥርዓት አለው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሕክምና መመሪያ፣ ከ5 ቀን በላይ ምንም ወይም ከጥቂት በቀር ያልበላ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሚያስፈልገው ከግማሽ በላይ እንዳይሰጠው ያዛል። ከ10 ቀን በላይ እንዲሁ የቆየ ሰው ደግሞ በኪሎ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ካሎሪ ባልበለጠ ተጀምሮ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረግለታል፤ ቫይታሚን ቢ1ም ምግቡ ሳይጀመር ይሰጠዋል። እማማ 40 ኪሎ ቢመዝኑ የመጀመሪያ ቀን ድርሻቸው 400 ኪሎ ካሎሪ ነበር ማለት ነው። ይህም ከ600 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር የሚመጣጠን ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ብቻውን ከዚህ ያልፋል። እኛ ግን ገንፎውን፣ ማሩንና አጥሚቱን ሁሉ ነበር የጨመርነው።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

— ካንሰር ያለበትን ሰው ስንጠይቅ አስቀድመን «ስንት ቀን ሆነዎ ደኅና ከበሉ?» ብለን እንጠይቅ። ከ5 ቀን በላይ ከሆነ የጤና ባለሙያ ሳያማክሩ ማዕድ ማብዛት አይገባም።

— ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ እናብላ። ቀጠን ያለ የምስር ወይም የሽሮ ሾርባ፣ ወተትና የተቀቀለ ድንች ከማርና ከቅቤ ይቅደሙ።

— ለሚያስመልሰውና ለሚያስቀምጠው ሰው ኦ.አር.ኤስ. ይጠቅማል። በአንድ ሊትሩ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለው፤ በቤት የሚበጠበጠው ስኳርና ጨው ግን ፖታሲየም የለውም።

— ሽንቷ የቀነሰ ወይም ኩላሊቷ የታመመ ሴት ሙዝ፣ ድንች፣ ጎመንና ኦ.አር.ኤስ. ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጣት። ሐኪም ሲፈቅድ ድንቹን ልጦና ቆርጦ በብዙ ውኃ መቀቀል፣ ውኃውንም መድፋት ፖታሲየሙን ይቀንሰዋል።

— የማዕድን ክኒን ካንሰር ይፈውሳል ለሚሉ ነጋዴዎች ጆሮ አንስጥ። ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ሲጎድል ልብን እንደሚጎዳ በቻይና ታውቋል፤ ሕፃናትና እናቶች በልብ ድካም ይሞቱ በነበረበት አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ክኒኑ ተሰጥቶ ብዙዎች ድነዋል። ነገር ግን በአሜሪካ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 ክኒኑ የተቋረጠበት ጥናት ሴሌኒየም የፕሮስቴት ካንሰርን እንደማይከላከል አሳይቷል። ማዕድን ለጎደለው መድኃኒት ነው፤ ላልጎደለው ግን ትርፍ የለውም።

— ልብ ሲዘል፣ እግር ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ጡንቻ ሲኮማተር፣ ሐሳብ ሲደናገር ወይም ሽንት ሲቀር ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንውሰድ። ስንት ቀን እንዳልበላና ምን እንዳበላነው ሳንደብቅ እንናገር። ለሐኪሙ ከዚህ የበለጠ ርዳታ የለም።

ይህ ሁሉ የተጻፈው የተራበውን ከማብላት እንድንቆጠብ አይደለም። ፍጻሜው ለቀረበ በሽተኛም ደስ ያለውን ጥቂት ነገር መቅመስ አይከለከልም። ነገር ግን መልካም ልብ ብቻውን አይበቃም፤ እጃችን የሚሰፍረውን ማወቅ አለበት። እማማ ከሆስፒታል ሲመለሱ ሳፍርባቸው አይተው «ልጄ፣ አሁንስ በማንኪያ ነው የምታጎርሰኝ» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በማንኪያ እየለካሁ አጎርሳለሁ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በጉባኤያችሁ የታመመን ሰው ስትጠይቁ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ከዚህ ትምህርት በኋላ ምን ትለውጣላችሁ?

2. ፖታሲየም ያለበት ምግብ ለአንዱ በሽተኛ ጠቃሚ፣ ለሌላው አደገኛ የሚሆነው ለምንድር ነው?

3. ሳሙና የማያረፋ ውኃን ምሳሌ አድርጋችሁ፣ ቅባት የማይፈጭለት ሰው ማዕድን እንዴት እንደሚጎድለው ለጎረቤታችሁ አስረዱ።

4. በአካባቢያችሁ ካሉት በሽተኞች ከ5 ቀን በላይ ሳይበላ የቆየ አለን? በዚህ ሳምንት ማን ይጠይቀዋል? ከየትኛውስ የጤና ባለሙያ ጋር ትነጋገራላችሁ?